ጥሪዬን እንዴት ልወቅ? በአዲስ አበባ ዳር ለምንኖር ክርስቲያኖች የሚሆን መመሪያ

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቦሌ አራብሳ ወይም ከየካ አባዶ ተነስቶ ሥራ የሚገባ ሰው ጎህ ሳይቀድ ነው ከቤቱ የሚወጣው። ሲመለስ መሽቷል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ «እግዚአብሔር የፈጠረኝ ለዚህ ነው እንዴ?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ወጣት ብዙ ነው። አንዱ ዲግሪ ይዞ ሥራ የለውም። አንዷ ሥራ አላት፤ ልቧ ግን እዚያ የለም። ሌላው ማገልገል ይፈልጋል፤ በምን እንደሚያገለግል ግን ግራ ገብቶታል።

ይህን የጻፍኩት ለእነሱ ነው። የማምነውን ከመነሻው ልናገር። ድምፅ እስኪሰማ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሲጠብቅ ዕድሜው ያልፋል። ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ ከደጃችን ይጀምራል። ቀድሞ የሚታየውም ለቅርብ ሰው በምናደርገው ትንሽ ነገር ነው።

መንገዱን የወሰድኩት ከነህምያ ነው። ነህምያ ነቢይ ወይም ካህን አልነበረም። የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበር። መልአክ መጣለት፣ ሰማይ ተከፈተለት የሚል ቃል በመጽሐፉ የለም። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሰማ፤ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ጾመ፤ ጸለየ። ወሬውን የሰማው በካሴሉ ወር ነው። ንጉሡን ፈቃድ የጠየቀው ደግሞ በኒሳን። በመሀሉ አራት ወር ገደማ አለፈ። ካሴሉ በእኛ አቆጣጠር ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ይውላል። ኒሳን የፋሲካ ወር ነው። ስለዚህ ከጾመ ነቢያት እስከ ፋሲካ ያለው ጊዜ፣ ትንሽ ቢረዝምም፣ ለዚህ ነገር በጣም ይመቻል። በሌላ ወቅት የምትጀምሩ ከሆነ ዝም ብላችሁ አራት ወር ቁጠሩ። አንድ ደብተርም አዘጋጁ።

አንደኛ፦ ጥያቄውን አጥሩት

ለሁሉም ክርስቲያን የተሰጠ ጥሪ አለ። ማመን፣ መውደድ፣ በንጽሕና መኖር፣ ወላጅን መጦር፣ በሐቅ መሥራት። ሐዋርያው ጳውሎስ የኤፌሶንን ሰዎች ለተጠሩበት መጠራት እንደሚገባ እንዲመላለሱ ሲለምናቸው ስለዚህ ነው የሚናገረው። ይህን ለማወቅ ሱባኤ መግባት አያስፈልግም። ቢሮ ውስጥ ጉቦ ልቀበል ወይስ ልተው የሚለው ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነው። በዚህ በኩል የተበላሸ ነገር ካለ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። በንስሐ ጀምሩ።

ከዚያ የራሳችሁን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ሕይወቴ ምን ይሁን?» የሚለው በጣም ሰፊ ነው፤ ማንም አይመልሰውም። «የሒሳብ ሥራዬን ይዤ ልቀጥል ወይስ ወደ መምህርነት ልዙር?» የሚለው ግን መልስ ያገኛል። ጥያቄውን መጻፍ ካቃታችሁ አትጨነቁ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እርምጃ ጨርሳችሁ ተመለሱበት።

ሁለተኛ፦ ጸጥታ ፈልጉ

በአንድ ስቱዲዮ ቤት አምስት ሰው እየኖረ ጸጥታ ከየት ይመጣል? እውነት ነው፤ ከባድ ነው። ግን ዳር መኖር አንድ ጥቅም አለው። ገና ያልተሠራበት ሜዳ አለ። የየረር ተራራ ወይም የእንጦጦ ጫፍ በአቅራቢያችሁ ይሆናል። አዳዲስ አጥቢያዎች ደግሞ ብዙ ናቸው። መቃኞው (ጊዜያዊው ቤተ ክርስቲያን) በቆርቆሮ የተሠራ ይሁን እንጂ ኪዳን ካለቀ በኋላ ግቢው ጭር ይላል። አንድ ግማሽ ሰዓት ከዛፍ ሥር መቀመጥ ይቻላል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያላችሁም የማለዳ ጸሎት ካለቀ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ትንሽ ብትቆዩ ማንም አያስወጣችሁም።

በሳምንት ሁለት ቀን በቂ ነው። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው እነዚያ ቀናት ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። ስልኩ ይጠፋል። በዝምታ ሁነታ ማስቀመጥ አይበቃም። ይጠፋል።

ምን ይነበብ? ነህምያ ከምዕራፍ 1 እስከ 3፣ አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3፣ ዘፀአት 3 እና 4፣ ሮሜ 12፣ የሐዋርያት ሥራ 13 እና 16። ከዚህ ጋር መዝሙረ ዳዊት። በአንድ ቀን አንድ ምዕራፍ ብቻ፣ ቀስ ብሎ። ያቆማችሁን ቃል ደብተሩ ላይ ጻፉት።

ጸሎቱ አጭር ይሁን። ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ ላይ የጠየቀው «ጌታ ሆይ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ነው። ብዙዎቻችን የምንጸልየው ምን እንድናገኝ ነው። ለእነዚህ ወራት ጥያቄውን ወደ ጳውሎስ ጥያቄ ብታዞሩት የምትሰሙት ነገር ይለወጣል።

ምልክትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፍ ቅዱስን እንዳጋጣሚ ገልጦ ጣት ያረፈበትን ጥቅስ እንደ መልስ መውሰድ የተለመደ ነው። ጌዴዎንም የበግ ጠጉር ዘርግቶ ምልክት ጠይቋል ይባላል። ግን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ጌዴዎን ምልክቱን ሲጠይቅ እግዚአብሔር ቀድሞ ነግሮታል፤ የጠየቀው ፈርቶ ነው። እግዚአብሔርም ታግሶ አደረገለት። እኛ ግን ሳናስብ ለመወሰን ምልክትን አቋራጭ ልናደርገው አይገባም።

ሦስተኛ፦ እጃችሁን እዩ

እግዚአብሔር ሙሴን ወደ ፈርዖን ሲልከው በእጁ የያዘው ምን እንደሆነ ጠየቀው። የእረኛ በትር ነበር። ቀይ ባሕር የተከፈለው ያ በትር ተነስቶ ነው።

ደብተሩን በሦስት ረድፍ ክፈሉት። አንደኛው ረድፍ፣ ሰዎች ሳታስቡት ወደ እናንተ ይዘው የሚመጡት ነገር። ስልክ ሲበላሽ ነው የሚጠሯችሁ? ሰው ሲጣላ ነው? ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ነው? ሁለተኛው ረድፍ፣ ስትሠሩት ሰዓቱ የማይታወቃችሁ ሥራ። ሦስተኛው ረድፍ፣ ስታዩት ማለፍ የሚያቅታችሁ ችግር። ሁሉም ሰው ሁሉን አይቶ አይደነግጥም። አንዱ ያልበላ ሕፃን ሲያይ እንቅልፍ ያጣል። ሌላው የተበላሸ ሒሳብ ሲያይ። ይህ ልዩነት ዝም ብሎ የተሰጠ አይመስለኝም።

ሙያን ዝቅ አድርጋችሁ አትጻፉ። በእኛ ሰው ዘንድ «ተጠራሁ» ሲባል ቶሎ የሚታየው መድረክና መስቀል ነው። በዘፀአት 31 ግን የእግዚአብሔር መንፈስ ሞላበት የተባለው ባስልኤል ነው። ወርቅ፣ ብር፣ ናስ፣ ድንጋይና እንጨት የሚሠራ ባለሙያ። ግንበኛ፣ ብየዳ ሠራተኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ኤሌክትሪሺያን የሆናችሁ ሁሉ ያን ምዕራፍ ከልባችሁ አንብቡት።

ከሦስቱ ረድፍ ሥር አንድ መስመር አስምሩና የተሸከማችሁትንም ጻፉ። የምትጦሯት እናት፣ የምታስተምሩት ታናሽ ወንድም፣ ያለባችሁ ዕዳ። ብዙ ሰው ይህን ለጥሪው እንቅፋት ያደርገዋል። እኔ ግን የታመመች እናቱን ሦስት ዓመት ያስታመመ ልጅ ጥሪው ዘገየበት ብዬ አላምንም። ለእነዚያ ዓመታት ጥሪው እሷው ነበረች።

አራተኛ፦ ሰፈራችሁን ዙሩ

ነህምያ ኢየሩሳሌም እንደደረሰ አልሰበከም። ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ከዚያ ጥቂት ሰዎች ይዞ በሌሊት የፈረሰውን ቅጥር በዓይኑ አየ። ለማንም አልተናገረም። በእኛ ዳር ሰፈር ሌሊት መዞር አይመከርም፤ ጅቡም ሌባውም አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል።

ሰፈራችሁን እንደ እንግዳ ሆናችሁ ተመልከቱ። ወላጅ ሥራ ውሎ እስኪመጣ ማን ነው ሕፃናቱን የሚያየው? ሊፍት በሌለው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እማማ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካኑን ማን ነው የሚያወጣላቸው? ከመሀል ከተማ በልማት ተነስተው የመጡት ሰዎች ዕድራቸው ፈርሶባቸዋል፤ አዲስ ዕድር አለ? ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚያው መሬት ላይ ያርሱ የነበሩት ቤተሰቦችስ አሁን በምን ይኖራሉ? ሰላምታ ትሰጧቸዋላችሁ? ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። መፍትሔ አትጻፉ፤ ገና ነው።

ወይዘሮ አበበች ጎበናን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም የሄዱት ለመሳለም ነበር። ወሎ በድርቅ ተመታ ነበርና በመንገዱ ላይ የረሃቡን ሰው አዩ። ሲመለሱ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ ከሃያ በላይ ሆኑ። ቤተሰብ ተቃወማቸው፤ እሳቸውም ከልጆቹ ጋር ከቤታቸው ወጡ። እስኪያርፉ ድረስ፣ እስከ 2013 ዓ.ም.፣ ብዙ ሺህ ልጆችን አሳድገዋል። ለመሳለም ወጥተው መንገድ ላይ ያዩትን አላለፉም። ሁላችንም የሕፃናት ማሳደጊያ እንከፍታለን ማለቴ አይደለም። ግን ማየት የጥሪ ግማሹ ነው።

ነህምያ ምዕራፍ 3ን አሁን እንደገና አንብቡት። ስም ብቻ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይዘለዋል። ወርቅ አንጥረኛ አለበት፣ ሽቶ ቀማሚ አለበት፣ የሰሎም ሴቶች ልጆች አሉበት። ደጋግሞ የሚለውም ምን መሰላችሁ? እያንዳንዱ በየቤቱ አንጻር ሠራ ይላል። ያ ሁሉ ቅጥር በ52 ቀን ያለቀው ሰው ሁሉ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ስለሠራ ነው።

አምስተኛ፦ አንድ ትንሽ ነገር ሞክሩ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው። ሌላውን ብታሳጥሩት እንኳ ይህን አታሳጥሩት።

ከሦስተኛው እርምጃ አንድ ነገር፣ ከአራተኛው አንድ ችግር ውሰዱና አገናኙ። ከዚያ ለሁለት ወር ያህል በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት ሥሩት። ደንቡ ሦስት ነው። ስም አታውጡለት፤ ማኅበር አታቋቁሙ። ፎቶ አታንሱ። ገንዘብ አትሰብስቡ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የምትፈትኑት ራሳችሁን ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የማውቃት አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ አለች። የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ኮሚናሉ ውስጥ የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ ማስጠናት ጀመረች። ሰሌዳዋ ጥቁር ቀለም የተቀባ ኮምፔርሳቶ ነው። ወንበር ስላልነበረ ልጆቹ ከየቤታቸው ዱካና የተገለበጠ ባልዲ ይዘው ይመጣሉ። አንድ ልጅ መቀነስ ላይ መበደር ፈጽሞ አልገባው አለ። ከሱቅ ቆርኪ ለመነች። አሥር አሥሩን በፌስታል አሰረችለት። «አንድ ፌስታል ፈትተህ ተበደር» አለችው። ልጁ ፌስታሉን ፈታ፣ ቆጠረ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

ደብተሯ ላይ የጻፈችው ግን የልጁን ፊት ብቻ አልነበረም። ከቢሮ ደክማ እንደምትመጣ፣ ከዚህ ግን ደክማ እንኳ ቀለል ብሏት እንደምትገባ ጻፈች። ትንንሾቹን መያዝ እንደሚያበሳጫት፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎቹ ጋር ግን ትዕግሥት እንዳላት ጻፈች። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው። ሁለተኛው እንዲያውም ይበልጣል፤ የማይሆነንን ማወቅ መንገዱን ያጠብበዋል። ዛሬም ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ቅዳሜዋን ግን ለምንም ነገር አትሰጥም። መምህር ልሁን የሚለው ጥያቄዋ ገና አልተዘጋም፤ አሁን ግን ስትጠይቅ የምትጠይቀውን ታውቃለች።

በየሳምንቱ አራት ነገር መዝግቡ። ድካሙ ምን ዓይነት ነበር? የሚያርፍ ድካም አለ፤ ልብን የሚያደርቅም አለ። ሰዎቹ ምን አገኙ? ማንም ባያየኝ ኖሮ እመጣ ነበር? በቤቴ ውስጥ ፍቅር፣ ትዕግሥት፣ የዋህነት ጨመረብኝ ወይስ ቀነሰ? በውጭ እያገለገለ እቤት ገብቶ የሚጮህ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። የመንፈስ ፍሬ መጀመሪያ የሚቀምሱት የቤት ሰዎች ናቸው።

ስድስተኛ፦ ለሰው አሳዩት

ሳሙኤል ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ነው የሮጠው። ድምፁን የሰማው ልጁ ነው። የማን ድምፅ እንደሆነ ያስተዋለው ግን ዓይኑ የፈዘዘው ሽማግሌ ነው። «ባሪያህ ይሰማልና ተናገር» ብሎ እንዲመልስ ያስተማረውም እሱ ነው። በአንጾኪያም በርናባስና ሳውል ሲለዩ ቃሉ የመጣው ጉባኤው እየጾመና እያመለከ ሳለ ነው።

ሦስት ሰው ምረጡ። አንደኛው የንስሐ አባታችሁ ወይም መጋቢያችሁ ይሁኑ። አባቶች ብዙ ሰው ነው ያለባቸው። ስለዚህ በቅዳሴ መውጫ መንገድ ላይ አታስቸግሯቸው። «አባ፣ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ የጻፍኩት አለ፤ መቼ ላምጣልዎ?» በሉ። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛው ጥፋታችሁን የሚያውቅ ጓደኛ ነው። ሁልጊዜ የሚያደንቃችሁን አትምረጡ። ሦስተኛው እናንተ የምታስቡትን ሥራ ዓመታት የሠራ ሰው ነው። እሱን «ደስ ይላል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «በጣም የሚከብድህ ቀን ምን ይመስላል?» ብላችሁ ጠይቁት።

ወላጆችም አሉ። «ሐኪም ሁኚልኝ» ያለች እናት ከፍቅሯ ነው የተናገረችው። ውሳኔውን ጨርሳችሁ አትንገሯት። ገና እየመረመራችሁ ሳለ ንገሯት፤ ምርቃቷን ጠይቁ።

አሁን ደግሞ በግልጽ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ስለ ጥሪያችሁ ለመናገር ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ለማንም አትንገር የሚል፣ ዛሬውኑ ወስን ብሎ የሚያጣድፍ፣ ወይም «ከእኔ ከወጣህ በረከትህ ይቀራል» ብሎ የሚያስፈራራ ሰው ካጋጠማችሁ ተነሱና ሂዱ። ስሙ አባ ይሁን ነቢይ፣ ልዩነት የለውም። ኤልሳዕ ከንዕማን ምንም አልተቀበለም። ተከትሎ የተቀበለው ግያዝ ነው፤ ያተረፈውም የንዕማንን ለምጽ ነው። ሥራ ፈልጎ የተቸገረ ልጅ የመጨረሻ ገንዘቡን ለእንዲህ ዓይነት ሰው ሲሰጥ ማየት በጣም ያማል።

ሰባተኛ፦ የመንገዱን ዓይነት ለዩ

ጥሪ ሁሉ ሥራ ለቅቆ ወደ አገልግሎት መግባት አይደለም። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ነበር የሚያስተምረው። ለብዙዎቻችን የሚሆነው ይኸው ነው።

መንገዱም በዕድሜ ይለዋወጣል። ቄስ ጉዲና ቱምሳ መጀመሪያ በነቀምት ሆስፒታል ድሬሰር (የሕክምና ረዳት) ነበሩ። በኋላ ቄስ፣ ከዚያም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ከሀገር መውጣት ሲችሉ ምእመናኑን ትቼ አልሄድም ብለው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። በድሬሰርነታቸው ጊዜ መጨረሻውን ቢያውቁት ኖሮ መጀመር ይችሉ ነበር? እንጃ። እግዚአብሔር ቀጣዩን እርምጃ እንጂ ሁሉን አንድ ላይ አያሳይም።

ወደ ክህነት ወይም ወደ ሙሉ ጊዜ አገልግሎት የምታዘነብሉ ከሆነ ከአጥቢያችሁ ጀምሩ። ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቅድስት ሥላሴም የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪም እዚሁ አዲስ አበባ ናቸው፤ ሄዳችሁ የመግቢያ መስፈርታቸውን ጠይቁ።

ምንኩስናን የምታስቡ ደግሞ ቀስ በሉ። በፍቅር ተሰብሮ፣ ሥራ አጥቶ ወይም ከቤት ተጣልቶ ወደ ገዳም መሄድ ሽሽት ሊሆን ይችላል። ገዳማቱም ይህን ስለሚያውቁ ነው አመክሮ ያስቀመጡት። መጀመሪያ የንስሐ አባት ፈቃድ፣ ከዚያ ለእንግድነት ሄዶ ከማኅበሩ ጋር መሥራት፤ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ መታዘዝ። ዕዳችሁን ሳትከፍሉ፣ የምታሳድጉት ልጅ እያለ አትሂዱ። ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ለንደን ሄደው ሙዚቃ የመማር ዕድላቸው ሲዘጋ ወደ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ አሥር ዓመት ያህልም እዚያ ኖሩ። ፒያኖው ግን አልቀረም። በኋላ የሠሩት ሙዚቃ ገቢ ለተቸገሩ ልጆች ውሏል። የተዘጋው በር ስጦታውን አልዘጋውም።

ስምንተኛ፦ ወስኑና ቀን ቁረጡ

ንጉሡ ነህምያን ምን እንደሚፈልግ ሲጠይቀው በልቡ ጸለየ፤ መልሱ ግን ተዘጋጅቶ ነበር። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ተናገረ። የይለፍ ደብዳቤ ጠየቀ። ለበሮቹ እንጨት እንዲሰጠው ለጫካው ጠባቂ ለአሳፍ ደብዳቤ ጠየቀ። አራት ወር ሲጸልይ ሲያስብም ነበር ማለት ነው።

እናንተም አንድ ገጽ ጻፉ። ምን ልሠራ ነው? የት? የትራንስፖርት፣ የቤት ኪራይና የቀለብ ወጪዬ በወር ስንት ነው፤ ከየት ይመጣል? ማን ይጎዳል፤ እሱንስ እንዴት እክሳለሁ? ያለኝን ሥራ መቼ ነው የምለቀው፤ ወይስ ጭራሽ አልለቅም? ጌታችን ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቆጥራል ያለው ለዚህም ይሆናል።

አራቱ ወር አልቆ ሁለት መንገድ እኩል ቢታያችሁስ? ሁለቱም ጥሩ ከሆኑ፣ ኃጢአት ከሌለባቸው፣ የመከሯችሁም ሰዎች ካልተቃወሙ፣ አንዱን ምረጡ። እግዚአብሔር ልጆቹን በተሳሳተ መታጠፊያ ለመያዝ የሚያደፍጥ አይደለም። ጳውሎስ ወደ እስያ ሊሄድ ሲል ተከለከለ። ወደ ቢታንያ ሞከረ፤ አልተፈቀደለትም። ወደ መቄዶንያ የተጠራው እየሄደ ሳለ ነው።

ገጹ ግርጌ ላይ ከስድስት ወር በኋላ ያለ አንድ ቀን ጻፉ። ያን ቀን ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከመጋቢያችሁ ጋር ደብተሩን እንደገና ትከፍታላችሁ። በአምስተኛው እርምጃ የጻፋችኋቸውን አራት ጥያቄዎች ለአዲሱ ሥራ መልሱ። መልሱ «ይህ አይደለም» ከሆነ የሦስተኛውን እርምጃ ረድፎች አውጡና ያልሞከራችሁትን ምረጡ። «ነው» ከሆነ በየስድስት ወሩ መመለሳችሁን አታቋርጡ። የጀመራችሁትን የሳምንት አገልግሎት ግን በሁለቱም መንገድ አትተዉት፤ ልጆቹ ባልዲያቸውን ይዘው ይመጣሉ።